እጅ ሲፈትል ልብ ወዴት ነው?

በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። በነዚህ ሦስት ወራት ሰማይ ደመናን ለብሶ፣ ወንዝ ሞልቶ መንገድን ዘግቶ፣ የጎተራው እህል ዕለት ዕለት እየጐደለ፣ የአዝመራው ተስፋ ግን ገና በጭቃ ውስጥ ሳለ፣ ሰው ከወትሮው ይልቅ በቤቱ ይሰበሰባል። አራሹ በእርሻውና በአረሙ ተይዞ በቀን ዕረፍት ባይኖረውም፣ ዶፉ ከደጅ ሲመልሰው ወይም አመሻሽ ላይ ከምድጃው ዳር ሲቀመጥ፣ የከተማውም ሰው ከሥራው ገብቶ በሩን ሲዘጋ፣ እጁን አጣምሮ የሚቆይበት ጊዜ በበጋ ከሚያገኘው ይረዝማል። ያ ጊዜ በምን ይለፍ የሚለው ነገር ከላይ ሲያዩት የቤት አያያዝ ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ አበው መነኮሳት እጅግ ያሰቡበት፣ ጉባኤ ሳይቀር የተነጋገረበት የሃይማኖት ጥያቄ በውስጡ አለ፤ ይኸውም ሥጋ በሥራ ላይ ሳለ ነፍስ በአምላኳ ፊት መቆም ትችላለችን፣ ወይስ እጅ የያዘው ነገር ሁሉ ልብን ወደ ራሱ መሳቡ የማይቀር ነው የሚለው ነው።

ተግባረ እድ፣ ማለትም የእጅ ሥራ፣ ስል አንጥረኛው በመዶሻው፣ ሸማኔውም እግሩን ወደ ጕድጓዱ አውርዶ በመወርወሪያው የሚሠራውን የኑሮ ሙያ ማለቴ አይደለም፤ ስለ እርሱ በስፍራው እናገራለሁ። አሁን የማነሣው ዐዋቂ ሰው ብዙ ገንዘብና ብዙ ትምህርት ሳያስፈልገው በክረምት ማታ በቤቱ ሊሠራው የሚችለውን ነው፤ ጥጥ መፍተልን፣ በሣር ሙዳይና ሌማት መስፋትን፣ ከፈትልና ከሰም ጧፍ ማበጀትን፣ ክር እየቋጠሩ መቁጠሪያ መሥራትን፣ ካረጀ ጋቢ ያልነተበውን ወገን ቀዶ ለሕፃን መታቀፊያ ማዘጋጀትን የመሳሰለውን ነው። የነዚህ ሁሉ ዕቃቸው ርካሽ ነው። ሰንደዶውና አክርማው ክረምት ሲወጣ ከሜዳና ከማሳ ድንበር የሚለቀም ሣር ነውና፣ ስፌት ሰፊዋ ገንዘብ የምታወጣው ለወስፌዋና አለላውን ለምታቀልምበት ቀለም ብቻ ነው። ዐምና የደረቀውን ሣር በውሃ አርሳ ታለዝበዋለች፤ ሳይርስ የተሰፋ ሣር ይሰበራልና።

ከሁሉ ይልቅ ግን ፈትልን በቅርብ ማየት ለያዝነው ነገር ይጠቅማል። ጥጡ አስቀድሞ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርጎ በመዳመጫ ብረት ይዳመጣል፤ ብረቱ በመዳፍ ሲንከባለል ፍሬው ተፈልቅቆ በወዲያ ይወድቃል፣ ንጹሑ ጥጥ በወዲህ ይቀራል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ ጅማቱ በተነረተ ቍጥር ጥጡ እየተነፋ፣ ጕድፉ እየተራገፈ፣ እንደ ጉም የሳሳ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶውም ተጠቅልሎ አመልማሎ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የእንዝርትና የጣት ነው። ፈታይዋ እንዝርቱን በጭኗ ላይ አሹራ ትለቀዋለች፤ በሌላው እጅዋ አመልማሎውን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ጥጡ በጣቶቿ መካከል እየቀጠነ እንዲወርድ ትፈቅድለታለች፤ ቸል ካለችው ይወፍራል፣ ከጐተተችውም ይበጠሳል። የተፈተለው ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል፤ ልቃቂቱ ተከማችቶ ለሸማኔው ማግ እስኪበቃ ድረስም ስንት ማታ ያልፋል።

አያቴ በዚህ ሥራ ላይ ሳለች የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃሏ ትደግም ነበር፤ ውዳሴው ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለ ሆነ የሰኞውን በሰኞ፣ የማክሰኞውን በማክሰኞ ታደርሳለች። ክሩ ሲበጠስ ድምፅዋ ይቆማል፤ ጫፍና ጫፉን በምራቋ አርሳ ስትቀጥለው ጸሎቱም ካቆመበት ይቀጥላል። እኔም ልጅ ሳለሁ ከጸሎቱና ከክሩ የትኛው የትኛውን እንደሚጠብቅ ማወቅ ይሳነኝ ነበር። ይህን የመሰለው ድጋም በእውነት ጸሎት ነውን? ወይስ ጸሎት መባል የሚገባው እንዝርቱን አስቀምጦ፣ መብራት አብርቶ፣ ፊትን ወደ ምሥራቅ መልሶ የሚደርሰው ብቻ ነው?

ይህ ጥያቄ በአያቶቻችን ቤት አልተጀመረም። በአራተኛው መቶ ዓመት በሶርያና በመስጴጦምያ መሣልያን የተባሉ ሰዎች ተነሥተው ነበር፤ ሐዋርያው ሳያቋርጡ ስለ መጸለይ የሰጠውን ትእዛዝ ይዘው፣ ፍጹም ሰው ከጸሎት በቀር ሌላ ሥራ ሊኖረው አይገባም፣ የእጅ ሥራም የዓለማውያን ዕጣ ነው እያሉ ያስተምሩ ነበር። ትምህርታቸው በየስፍራው ብዙ ሰው ስላሳተ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ431 ዓ.ም. በኤፌሶን የተሰበሰበው ጉባኤ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው ሦስቱ ዓለም አቀፍ ጉባኤያት ሦስተኛው፣ ንስጥሮስን ባወገዘበት ወቅት የነርሱንም ትምህርት አውግዟል። ከዚያ በፊት 30 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በካርታጎ ያሉ አንዳንድ መነኮሳት በወንጌል የተነገረላቸውን የሰማይ አዕዋፍ ምሳሌ አድርገው አንሠራም ባሉ ጊዜ፣ አውግስጢኖስ በካርታጎው ኤጲስ ቆጶስ በአውሬልዮስ ተለምኖ ስለ መነኮሳት ሥራ አንድ መጽሐፍ ጽፎላቸዋል። በዚያ መጽሐፍ የሚሰጠው መልስ ቀላልና የማይታጠፍ ነው፤ አዕዋፍን መምሰል የፈለገ ሰው እንደ አዕዋፍ ጎተራ አይኑረው፣ እህልም አያስፈጭ ይላል፤ መንፈሳዊ ዜማንም ቀዛፊዎች እየቀዘፉ እንደሚያዜሙ ሁሉ እጅ ሥራውን ሳይተው ማዜም እንደሚቻል ያስረዳል። እኛም በክረምት ወራት፣ ዕጕለ ቋዓት በሚባለው ክፍል፣ አምላክ የቍራ ጫጩቶችን እንደሚመግብ እያሰብን እንዘምራለን፤ ሆኖም ያን ዜማ የሚሰማው ገበሬ በማግሥቱ ወደ አረሙ መውረዱን አልተወም።

ክርክሩን ከጉባኤና ከመጽሐፍ ይልቅ ወደ ልብ አቅርቦ የፈታልኝ ግን ስለ አባ ሉክዮስ የተነገረው ዜና ነው። ይህ አባት በእስክንድርያ አቅራቢያ ይኖር የነበረ መነኩሴ ሲሆን፣ ከዕለታት አንድ ቀን እነዚያ አንሠራም ባዮች መሣልያን ሊጐበኙት መጡ። ተግባረ እዳችሁ ምንድር ነው ብሎ ቢጠይቃቸው፣ እኛስ እጃችንን ወደ ሥራ አንሰድም፣ ሳናቋርጥ እንጸልያለን እንጂ ብለው መለሱለት። እርሱም አትበሉምን ሲላቸው እንበላለን አሉ፤ በምትበሉበት ጊዜ ማን ስለ እናንተ ይጸልያል ቢላቸው ዝም አሉ። አትተኙምን ሲላቸውም እንተኛለን አሉ፤ በምትተኙበት ጊዜስ ማን ይጸልይላችኋል ቢላቸው አሁንም የሚመልሱት አጡ። ከዚህ በኋላ የራሱን ልማድ ነገራቸው፤ የሰሌኑን ዝንጣፊ በውሃ ነክሮ፣ በአምላኩ ፊት ተቀምጦ፣ ገመዱን እየጐነጐነ በእኛ አቈጣጠር 50ኛውን የዳዊት መዝሙር እየደገመ ይውላል፤ ከሥራው 16 ሳንቲም ያህል ባገኘ ጊዜ ሁለቱን ለድኻ ከደጁ ያኖርና በቀረው ይመገባል፤ እነዚያን ሁለቱን ያነሣ ድኻ፣ እርሱ በሚበላበትና በሚተኛበት ሰዓት ስለ እርሱ ይጸልይለታል። እንዲህ ባለ መንገድ፣ ይላል ሽማግሌው፣ ሳያቋርጡ የመጸለይ ትእዛዝ ተፈጸመ።

በዚህ ዜና ውስጥ አንባቢ ብዙ ጊዜ ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር አለ። ሽማግሌው ገመድ ስጐነጕን ልቤ ከቶ አይባክንም አላለም፤ መብላትና መተኛት እንደሚያቋርጠው፣ የሰው ጸሎት ሁሉ ቀዳዳ እንዳለው በግልጥ ይቀበላል። ቀዳዳውን የሚደፍነውም የራሱ የአሳብ ትጋት አይደለም፤ ከእጁ የወጣው ሥራ ነው፤ ሥራው ምጽዋት ሆኖ ወደ ሌላ ሰው ሄዶ፣ ያ ሌላ ሰው እርሱ በተወበት ሰዓት ይተካለታል። እንግዲህ እጅ ሲፈትል ልብ ወዴት ነው ብለን የጠየቅነው ጥያቄ ራሱ ጐዶሎ ነበር ማለት ነው። ጸሎትን በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ብቻ የተዘጋ ነገር አድርገን ስለ ገመትነው፣ ልብ በባከነ ቍጥር ጸሎት የጠፋ መሰለን፤ አባ ሉክዮስ ግን ጸሎት ከልብ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ባልንጀራ እንደሚሻገር፣ ከዚያም በባልንጀራው አፍ ወደ ፈጣሪ እንደሚመለስ አሳየን። ተግባረ እድ የጸሎት ባላንጣ ነው የሚሉ ሁሉ ይህን መንገድ ከመካከሉ ቈርጠው የሚመለከቱ ናቸው።

ስለ አባ እንጦንስ የሚነገረው ከዚህ ጋር ይስማማል። ሐኬት፣ ማለትም የነፍስ ስንፍና፣ ይዞት አሳቡ በታወከበት ጊዜ፣ የሚድንበትን መንገድ እንዲያሳየው አምላኩን ቢለምን፣ እርሱን የመሰለ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጐነጕን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ደግሞ ተቀምጦ ሲሠራ አየ፤ ያም የእግዚአብሔር መልአክ ነበር። ካስያኖስ የጻፈለት ሌላ አባት፣ ጳውሎስ የተባለው፣ ከሰው መኖሪያ የሰባት ቀን መንገድ ርቆ ይኖር ስለ ነበር የሥራው ዋጋ የማጓጓዣውን ያህል እንኳ አያወጣም ነበር፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሠራው ዋሻውን ሲሞላው በእሳት ያቃጥለውና እንደ ገና ይጀምራል። የዚህን አባት ትዕግሥት አከብራለሁ፤ ሥራ ያለ ትርፍም ነፍስን ከስንፍና እንደሚያድን ማስረጃ ነው። ቢሆንም ልቤ የሚያደላው ወደ ሉክዮስ ነው፤ ባልንጀራ በደጅ ሳለ የሥራን ፍሬ ማቃጠል፣ ሰው ለማይደርስበት በረሃ ካልሆነ በቀር፣ ለማንም አይመከርም።

ማርታና ማርያም እንዴት ሊሆኑ ነው የሚል አይጠፋም። ጌታችን በአገልግሎት የደከመችውን ገሥጾ በእግሩ ሥር ተቀምጣ የምትሰማውን አመስግኗልና፣ ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ማርታ የተገሠጸችው እጅዋ ስለ ሠራ ሳይሆን ልብዋ በብዙ ነገር ስለ ታወከና እኅቷን ስለ ከሰሰች ነው። ልብ የሚባክነው እጅ ስለ ሠራ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እጁን አጣምሮ በቅዳሴ የቆመ ሰው ሁሉ አሳቡ በተሰበሰበ ነበር፤ እንዳልሆነ ግን ሁላችን እናውቃለን። እንዲያውም ስፌት የሚሰፋ ሰው ወስፌውን የት እንደሚወጋ፣ ክር የሚቋጥርም ስንተኛው ቋጠሮ ላይ እንደ ደረሰ ካላስተዋለ ሥራው ይበላሻልና፣ ሥራው ራሱ የተበተነን አሳብ መልሶ ይሰበስባል። 41 ወይም 64 ቋጠሮ ያለውን መቁጠሪያ የሚሠራ ሰው፣ ጸሎቱ ገና ሳይጀመር ቈጠራውን ጀምሯል።

ከዚህ ይልቅ ጥልቅ የሆነ ምክንያት ሊቃውንቶቻችን በሥነ ፍጥረት ትምህርታቸው ይሰጡናል። እግዚአብሔር 22ቱን ፍጥረታት በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር ፈጠረ ብለው ያስተምራሉ፤ ሰማይንና ምድርን፣ መላእክትንም በአርምሞ በማሰብ፣ ብርሃንን በመናገር፣ ሰውን ግን ከምድር አፈር አበጅቶ በገቢር ፈጠረው። ከፍጥረታት ሁሉ በገቢር የተሠራው ሰው መሆኑ፣ ለእኔ፣ የእጅ ሥራን ክብር ለማስረዳት ብቻውን ይበቃል፤ በእጅ የተሠራው ፍጥረት እጅ ተሰጥቶታልና። ደግሞም ኀጢአታችንን በኀልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር ብለን በሦስት ወገን እንናዘዛለን፤ ኀጢአት በሦስቱም ከተሠራ ጽድቅስ በሁለቱ ብቻ ሊሠራ እንዴት ይቻላል? በማሰብ ብቻ የሚጸልይ መልአክ ይሁን፤ ሰው ግን አራቱ የሥጋ ባሕርያትና ሦስቱ የነፍስ ባሕርያት ተባብረው የቆሙበት ነውና፣ ለባዊት ነፍሱ ስታስብ፣ ነባቢቷ ስትናገር፣ ከአፈርና ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት የሆነው ሥጋውም የድርሻውን ሊያቀርብ ይገባዋል። ከሦስቱ መካከል ኀልዮ ቶሎ ይሸሻል፣ ነቢብም ከአፍ ወጥቶ ይጠፋል፤ ገቢር ግን አንድ ነገር ትቶ ያልፋል፤ ያም የተተወው ነገር፣ ጋቢም ቢሆን ሙዳይ፣ ሠሪው ከተነሣ በኋላ በስፍራው ይገኛል።

በሐዋርያት ሥራ በዘጠነኛው ምዕራፍ በኢዮጴ የሞተችው ጣቢታ ለዚህ ምስክር ናት። ጴጥሮስ ከአስከሬኗ ዘንድ በደረሰ ጊዜ፣ ባልቴቶቹ ስለ ጸሎቷ ወይም ስለ ጾሟ አልተናገሩም፤ ከነርሱ ጋር ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ እያለቀሱ አሳዩት እንጂ። አፏ ዝም ብሎ፣ አሳቧ ከሥጋዋ ተለይቶ ሳለ፣ የእጅዋ ሥራ በባልቴቶች ገላ ላይ ሆኖ ይለምንላት ነበር፤ ሐዋርያውም ጸልዮ አስነሣት። አባ ሉክዮስ ስለ እንቅልፍ ያለውን፣ ጣቢታ ስለ ሞት ታስተምረናለች።

የዕቃው ርካሽነት ማንንም ሊያሳፍር አይገባም። በኦሪት ዘጸአት እንደ ተጻፈ፣ የምስክሩ ድንኳን ሲሠራ ወርቅ ያለው ወርቅ፣ ብር ያለው ብር አመጣ፤ ልባቸው ያነሣሣቸው ሴቶች ደግሞ በእጃቸው ሰማያዊና ሐምራዊ ቀይም ግምጃ ፈተሉ፣ የፍየልም ጠጕር ፈተሉ። ከፍየል ጠጕሩ የተሠሩት 11ዱ መጋረጃዎች ከላይ ሆነው ያጌጠውን ሁሉ ሸፈኑት፤ በወርቁና በሐምራዊው ላይ የተዘረጋው ይህ ተራ ዕቃ ነበር። የባስልኤልና የኤልያብ ጥበብ በመጽሐፍ በስማቸው ተጽፎላቸዋል፤ የፍየል ጠጕር ፈታዮቹ ስማቸው ባይጻፍም ሥራቸው ከላይ ነበር። እመቤታችንም፣ በያዕቆብ ስም የሚጠራው ጥንታዊ ድርሰት እንደሚተርከው፣ ለቤተ መቅደስ መጋረጃ የሚሆነውን ሐምራዊና ቀይ ክር ትፈትል ነበር፤ ሠዓሊዎቻችን የብሥራቱን ሥዕል ሲሥሉ እንዝርት በእጅዋ የሚያስይዟት ስለዚህ ነው። ገብርኤል ቃሉን ሲያደርስ እጅዋን ያገኘው በሥራ ላይ ነው ማለት ነው፤ እጅ ሲሠራ ነፍስ መለኮታዊ ቃልን መስማት አትችልም የሚል ሰው ከዚህ ሥዕል ፊት ቆሞ ያስብ።

ይህን ሁሉ የሚያምን ሕዝብ ግን በእጅ ሠሪ ላይ ያደረሰውን ስናስብ ልብ ያዝናል። የጸራቢውን የዮሴፍን ቤት እያከበርን፣ ድንኳን ሰፊውን ጳውሎስን ብርሃነ ዓለም እያልን፣ ቀጥቃጩን በቡዳነት፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን በክፉ ስም ስንጠራ ኖረናል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ በአንድ ልብስ ላይ የፈረድነው ሁለት ፍርድ ነው፤ ማጉን የፈተለችው ወይዘሮ ቀጭን ፈታይ ተብላ ትመሰገናለች፣ ያንኑ ማግ ከድር ጋር አስማምቶ ልብስ ያደረገው ሸማኔ ግን ይናቃል፤ በመጨረሻም ሁለቱ እጆች የሠሩትን ልብስ ተጐናጽፈን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። ርስት የተነፈጉት ቤተ እስራኤልም በብረት፣ በሸክላና በሽመና ሥራ ኖረው፣ ለጎንደር ሕንጻዎች እጃቸውን አበርክተው ሳለ፣ ዋጋቸው ስድብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ ዐዋጁ መልካም ነበር፣ ንቀቱ ግን ከልብ ስላልተነቀለ ዛሬም በጋብቻና በሠፈር ንግግር ውስጥ ይታያል። ዐዋቂ ሰው፣ በተለይም የተማረና ሹመት ያለው ወንድ፣ በክረምት ማታ ገመድ ቢጐነጕን ወይም ሙዳይ ቢሰፋ፣ ከመቶ ስብከት ይልቅ ይህን ንቀት ይሽራል ብዬ አምናለሁ።

ልከኛ ነገር ሁሉ ወሰን አለው። በሰንበትና በታወቁት በዓላት እርፉም እንዝርቱም ያርፋል፤ ሥራ ጌታ ሆኖ ሰውን እንዳይገዛው ቤተ ክርስቲያን የሠራችው አጥር ነውና በፈትል ፍቅር አይፍረስ። በነሐሴ በጾመ ፍልሰታም ኪዳኑና ቅዳሴው ይቅደም። ሠሪው በሥራው ውበት መታበይ የጀመረ እንደ ሆነ ደግሞ መድኀኒቱ ያው የሉክዮስ ነው፤ ያማረውን ለሌላ ይስጥ።

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ ሳይፈልጉት አይቀሩም። በዋሽንግተንና በሚኒሶታ ክረምቱ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የበረዶ ወራት ነው፤ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ የሄዱ እናቶች፣ ቋንቋውን ሳያውቁ፣ በየፎቁ ተዘግተው፣ ደጅ መውጣት ተስኗቸው ይሰነብታሉ። በወጣትነታቸው ቀጭን ፈታይ የነበሩት እጆች በመስኮት አጠገብ ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ፣ ከብርዱ የሚከፋው ያ ነው። አክርማና ሰንደዶ በዚያ ባይገኝ፣ ርካሽ ክርና ያረጀ አንሶላ በየቤቱ ይገኛል፤ የቤተ ክርስቲያኑም አዳራሽ ከቅዳሴ በኋላ ለቡና ብቻ ከሚከፈት፣ በሥራ ቀን ማታ እናቶች ልጆቹን መፍተልና መስፋት የሚያስተምሩበት ቢሆን፣ ቋንቋውም ጸሎቱም አብሮ ይተላለፍ ነበር።

ከቀላሎቹ ሥራዎች አንዱን ልመርጥላችሁ ቢፈቀድልኝ ጧፍን እመርጣለሁ። ንጹሕ የጥጥ ፈትል ደርቦ አክሮ፣ የንብ ሰም በለስላሳ እሳት አቅልጦ፣ ፈትሉን ነክሮ እያወጡ ሰሙ እስኪወፍርበት መደጋገም፣ ከዚያም ሳይደርቅ በመዳፍ እያንከባለሉ ማስተካከል ነው፤ ሕፃን ከእሳቱ ይራቅ እንጂ ማንም ዐዋቂ በአንድ ማታ ሊለምደው ይችላል። ይህን ሥራ የምወድበት ምክንያት አለኝ። ለቤተ ክርስቲያን የሰጣችሁት ጧፍ ካህኑ ገና ጎሕ ሳይቀድ ለኪዳን ሲነሣ ይበራል፤ እናንተ በዚያ ሰዓት፣ በክረምቱ ብርድ፣ ምናልባት ተኝታችኋል። አባ ሉክዮስ ለመሣልያን ያቀረበውን ጥያቄ ለእናንተም ቢያቀርብላችሁ የምትመልሱት አላችሁ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ክረምት ሳይወጣ አንድ ሥራ ጀምሩ፤ ገንዘብ ያነሳችሁ እንደ ሆነ ከሁሉ የረከሰውን ምረጡ። ከምትሠሩት ውስጥ፣ ብትሸጡትም ብትለብሱትም፣ እንደዚያ ሽማግሌ የተወሰነውን ክፍል ከደጃችሁ ለሚያልፈው አስቀምጡለት። መዳመጡን፣ መንደፉንና ማሾሩን የሚያውቁት እናቶች ግን ከዓመት ወደ ዓመት ቍጥራቸው እየመነመነ ነውና፣ በሕይወት ያለች እናት ወይም አያት ያለቻችሁ ሁሉ፣ በዚህ ሳምንት አጠገቧ ተቀምጣችሁ እንድታስተምራችሁ ለምኗት።